አንድ ደወል፣ ሁለት ደወል

«አለቃ፣ ዛሬ ምን ነካሽ? ቀስ በይ እንጂ፤ ጀርባሽ እየጠፋብኝ ነው።»

ልጅቷ ፔዳሉን ለቀቅ አድርጋ ዞር አለች። አባቷ አምስት ሜትር ያህል ከኋላዋ ነው። አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ ዓይኑን ቢጫው ጃኬቷ ላይ ተክሎ ይመጣል። በግራ በኩል አውቶቡስ አለፈው። ዓይኑ ወደዚያ ውልፍት አላለም።

«ይቅርታ አባዬ» አለችና ፍጥነቷን ቀነሰች። ሰዓቷን ግን አየች። አስራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። አባቷ ፋብሪካ በር ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ሳይሞላ መድረስ አለበት፤ ከዚያ በኋላ የመጣን ሰው ጥበቃው ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። የሷ የፈተና ጣቢያ ደግሞ ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ነው። በሩ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። አባቷን አድርሳ፣ ዞራ፣ እንደ እብድ ብትጋልብ በጭንቅ ትደርሳለች። ትናንት ጣቢያው ስትደርስ ዘበኛው የበሩን አንድ ክንፍ ዘግቶ ሌላውን እየጎተተ ነበር።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ላብ በላብ ሆነሻል፤ ማን አባሮሽ ነው?» ብላት ነበር ጓደኛዋ ቀጮ ትናንት እርሳስ እያቀበለቻት።

«ጎማ ፈንድቶብኝ።»

«የዛሬ ሳምንትም ፈንድቶብሽ ነበር። ያንቺ ጎማ ፊኛ ነው እንዴ?»

ስቃ አለፈች። ውሸት ከለመዱት አይከብድም። ሦስት ወር ሙሉ ቀጮን ዋሽታለች፤ እናቷን ዋሽታለች፤ የቤት ሥራ ለምን እንዳልሠራች የጠየቃትን መምህርም ዋሽታለች። በውሸት ዲፕሎማ ቢሰጥ ኖሮ በማዕረግ ትመረቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ዕውር አይደለም። ፊት ለፊቱ ያለውን እንዲያውም ከሷ አስበልጦ ያያል። ሥራው ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ መቁረጥ ነው። ሃያ እጥፍ ጨርቅ ደራርቦ በኤሌክትሪክ መቁረጫ እጅጌና ኮሌታ ሲያወጣ፣ ከጠመኔው መስመር የጸጉር ያህል አይዛነፍም። ቤት ውስጥም መርፌ ላይ ክር የሚያስገባው እሱ ነው። የጠፋው የጎን እይታው ነው። ግራው ጨርሶ ሄዷል፤ ከቀኙ ትንሽ ተርፏል።

ሐኪሙ ጋ አብራው የሄደችው እሷ ነበረች። እናቷ ሆስፒታል ልብስ እጥበት ክፍል ስለምትሠራ የዚያን ቀን ፈቃድ አላገኘችም። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲናገር እጁን ያፍተለትላል። የጠፋው አይመለስም አለ። ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው አለ። መኪና እንዳይነዱ አለ።

«መኪና የለኝም» አለ አባቷ ሳቅ ብሎ። «ብስክሌትስ?»

ሐኪሙ እጁን ማፍተልተሉን ተወ። «ብስክሌትም መንዳት ነው ጋሼ።»

ደረጃውን ሲወርዱ አባቷ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደረጃዎች አላያቸውም። ክንዷን ይዞ ነው የተረፈው። ክንዷን ሳይለቅም እዚያው ቆሞ፣ «ይቺ ነገር በኔና ባንቺ መካከል ትቅር» አላት። «እናትሽ ካወቀች ብስክሌቱን በማግስቱ ታስወስደዋለች። ያለ ብስክሌት ደግሞ ሥራ የለም። በአውቶቡስ ብሄድ ሦስት ጊዜ ቀይሬ፣ ሰልፉን ቆሜ፣ የምደርሰው ሦስት ሰዓት ነው። በዚህ ዕድሜዬ ዓይኑ የታመመ ቆራጭ ማን ይቀጥረኛል?» ልጅቷ እሺ አለች። እሺ ባትል ምን ትል ነበር?

መላውን የፈጠረችው ራሷ ናት። እሷ ከፊት ትሄዳለች፤ እሱ ቢጫውን ጃኬት ይከተላል። በተጠቀለለ ጋዜጣ ውስጥ እንደማየት ነው ብሎ ነግሯታል፤ ጃኬቷ ጋዜጣው ውስጥ እስካለ ድረስ መንገዱ አለ ማለት ነው። መጮህ ያሳፍራል፤ ሰውም ይዞራል። ስለዚህ በደወል ተግባቡ። አንድ ደወል ቁም፤ ሁለት ደወል ሂድ። ሌላ ነገር የለውም። ትምህርት ቤቷ በፋብሪካው መንገድ ላይ ስለሆነ እናቷ «አባትና ልጅ ዘንድሮ ተፋቅራችሁ የለም እንዴ» ከማለት ሌላ አልጠረጠረችም። ማታ ሲመለስ ከፋብሪካው በብስክሌት የሚወጣ አንድ የሥራ ባልደረባውን ይከተላል፤ ሰውየው መከተሉን እንኳ አያውቅም።

«ለእማዬ እንንገራት» ያለችው አንድ ቀን ብቻ አይደለም። እንዲህ ባለችው ቁጥር አባቷ መሳቢያውን ከፍቶ፣ መርፌ አውጥቶ፣ ክሩን በአንድ ጊዜ ያስገባና ዓይኗ ሥር ያንጠለጥለዋል። «አየሽ? ምን ሆንኩ?» ይላል። መርፌው ከጎን አይመጣማ። ይህን ግን ብላው አታውቅም።

ፈተና ደረሰ፤ ጣቢያው ሩቅ ሆነ። «እነዚህን ሦስት ቀን ብቻዬን እሄዳለሁ፤ መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ» አላት። አንድ ቀን ሞከረው፤ ፈተናው ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው። ጉልበቱ ተልጦ፣ መሪው ተጣሞ ገባ። ለእናቷ ውሻ ገባብኝ አላት። ልጅቷ ያን ማታ መጽሐፏን ከፍታ አንድ ገጽ ሳታነብ አደረች። ጠዋት፣ «አደርስሃለሁ፤ እደርሳለሁ» አለችው። እምቢ አላለም። እምቢ ባለማለቱ ደስ ይላት ይሆን ይከፋት ይሆን አላወቀችም።

ዛሬ ሒሳብ ነው።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ከቤት ከወጡ ስልሳ አምስት ደቂቃ ያህል ሆኗቸዋል። የዛሬው መንገድ ተጨናንቋል፤ ቧንቧ የሚቀብሩ ሠራተኞች ግማሹን ዘግተውታል። መብራቱ ቀይ ነው። አንድ ጊዜ ደወለች። አባቷ መጥቶ ከጎኗ ቆመ፤ አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ አሳረፈ።

ሰዓቷን አየች። አንድ ሰዓት ከአምስት። ከዚህ ፋብሪካው ስምንት ደቂቃ። ከዚያ መመለስ። ድልድዩ ላይ ያለው ጭንቅንቅ። የሁለት ሰዓቱ በር። ለፈተናው የያዘችውን ቀመር በሆዷ ደገመችው፤ መሃሉ ላይ ጠፋባት። ከመጀመሪያው ጀመረች፤ አሁንም እዚያው ጋ ጠፋባት። ትናንት እኮ በቃሏ ነበር። እንባዋ መጣ። ፈተናውን ብትወድቅ ምን ልትል ነው? ጎማ ፈነዳብኝ? ቀና ስትል አረንጓዴ አየች።

ሁለት ጊዜ ደወለች።

አባቷ ሄደ። እሱ ደወሏን ተጠራጥሮ አያውቅም፤ ሁለተኛው ድምፅ ሳያልቅ ነው እግሩን የሚያነሳው። የሷ እግር ፔዳሉ ላይ ሳያርፍ አረንጓዴው የነሱ እንዳልሆነ ገባት። ወደ ጎን ለሚታጠፉት ነው የበራው። ከግራ ጡብ የጫነ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ መጣ።

አንድ ጊዜ ደወለች። ቁም ማለቷ ነው። ግን ከሁለቱ ጋር ተደምሮ ሦስት ሆነ፤ ሦስት ደወል ደግሞ በነሱ ቋንቋ ምንም ማለት አይደለም። አባቷ ቀጠለ። «አባዬ» ብላ ስትጮህ ድምጿ በጥሩንባው ተዋጠ።

ፍሬኑ ሲጮህ ዓይኗን ጨፈነች። ያደረገችው ይህን ብቻ ነው፤ ኋላ ላይ ስታስበው ያፈረችው በዚህ ነው።

ስትከፍት መኪናው ቆሟል። የፊት ብረቱ የብስክሌቱን የኋላ ጎማ ነክቶታል። አባቷ አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ መዳፉን ያያል። ሾፌሩ ወርዶ አነሳው። «ጥሩንባ ነፋሁልህ እኮ ወንድሜ። ይህን የሚያህል መኪና እንዴት አይታይም?»

«ሐሳብ ይዞኝ ነው፤ ይቅር በለኝ» አለ አባቷ።

ሾፌሩ ብስክሌቱን ሰብስቦ ዳር አቆመለት። ደህና መሆኑን ሦስት ጊዜ ጠይቆ፣ ከኋላ ያሉት ሲጮሁበት ሄደ። አባትና ልጅ የእግረኛ መንገዱ ዳር ተቀመጡ። መዳፉ ተልጧል፤ ሱሪው ተቀዷል። ሌላ ምንም አልሆነም። አጥንቱን አንድ በአንድ ነካክታ አረጋገጠች።

«ከየት መጣ?» አላት ቀስ ብሎ። የምሩን ነው የጠየቃት።

«ከግራ። እኔ ነኝ አባዬ። ቀይ ላይ ሁለቴ ደወልኩ።»

«አይደለም። አንድ ጊዜ ነው የደወልሽው። ሰምቻለሁ። እኔ ነኝ ዘንግቼ የሄድኩት።»

አየችው። አባቷ መዋሸት አይችልበትም፤ ሲዋሽ ጆሮውን ያካል። አሁንም በተላጠው እጁ እያከከ ነው። ገድላው ልትመለስ ነበር፤ እሱ ግን የሚጨነቀው ጥፋቱ የሷ እንዳይመስላት ነው። የሆነ ነገር ውስጧ ቁርጥ አለ። ነገም ቢሆን፣ ከነገ ወዲያም ቢሆን፣ እንዲሁ እየዋሸላት አንድ ቀን ይሞታል። የምትቀብረው እሷ ናት፤ ለምን እንደሞተ የምታውቀውም እሷ ብቻ ናት።

«ተነሺ በይ» አለ። «ሰባት ደቂቃ ብናጣ ነው። ጥበቃው ያውቀኛል፣ ለአምስት ደቂቃ አይጨክንም።»

«ስልክህን ስጠኝ።»

«ለማን?»

«ለእማዬ ልደውል።»

እጁን ኪሱ ላይ አደረገ። «አለቃ። የኔ ልጅ። ፈተናሽ እስኪያልቅ ብቻ። ነገን ብቻ። ከዚያ ራሴ እነግራታለሁ፤ በአባቴ አጥንት።» ድምፁ ቀነሰ። «እባክሽ። ከዚህ ሥራ ከወጣሁ እኔ ምንድነኝ?»

አባቷ ለምኗት አያውቅም። ተነስታ ብትሮጥ ደስ ባላት ነበር፤ ወይ እሺ ብላ አንድ ቀን ብትገዛ። እሺ ማለቱ ቀላል ነበር። አፏ ላይ ደርሷል። እጇን ኪሱ ውስጥ ከትታ ስልኩን አወጣች፤ እሱም አልከለከላት።

እናቷ ከማጠቢያ ማሽኖቹ ጩኸት መሃል አነሳች። «ምነው በዚህ ሰዓት? ምን ሆናችሁ?»

«ደህና ነን እማዬ። አባዬ ከጎን የሚመጣ ነገር አያይም። ሐኪሙ ከነገረን ሦስት ወር ሆነው። ብስክሌት መንዳት የለበትም። አሁን መኪና ሊገጨው ነበር።» በአንድ ትንፋሽ ነው ያለችው። ለሁለት ከፍላው ቢሆን አትጨርሰውም ነበር።

እናቷ የት እንዳሉ ጠየቀች፤ ነገረቻት። ከዚያ፣ «ስልኩን ስጪው» አለች።

አባቷ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። ውሻ ሊል ነው፣ ሐሳብ ሊል ነው ብላ ጠበቀች።

«አላየሁትም» አለ። «ቤት የሚያህል መኪና ነው፤ አላየሁትም። አላይም እኮ።» ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሲያለቅስ አይታው ስለማታውቅ የት እንደምታይ ጠፋት፤ የራሷን ጫማ አየች።

ስልኩን ሲመልስላት ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ነበር። «እየመጣች ነው። ሃያ ደቂቃ ብላለች። አንቺ አሁኑኑ ሂጂ፤ ከዚህ ቀጥ ካልሽ እንዲያውም ቀድመሽ ትደርሻለሽ።»

እውነቱን ነው። ከዚህ የፈተና ጣቢያው ሰላሳ ደቂቃ ነው። አሁን ብትነሳ ተረጋግታ ትደርሳለች። እናቷን ከጠበቀች ግን በሩ ይዘጋባታል። ትታው ከሄደች ደግሞ ፋብሪካው ቅርብ ነው፤ በብስክሌት ስምንት ደቂቃ።

ተነስታ የራሷን ሰንሰለት ከብስክሌቷ ፈታች። የአባቷን ብስክሌት ከድልድዩ ብረት ጋር አስራ ቆለፈችው። ቁልፉን ኪሷ ከተተች። አባቷ ድምፁን ሰምቶ አንገቱን አዞረ።

«አታምኚኝም?»

«አላምንህም አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልተቆጣም። ልጅቷ በስተግራው ልትቀመጥ አጎንብሳ ተወችው። ዞራ መጣችና ሊያያት በሚችልበት፣ ፊት ለፊቱ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ፣ እናቷ እስክትመጣ ልትጠብቅ ቁጢጥ አለች።