የከረጢቱ ቆብ ደረቅ ነበር

ኮንትራክተሩ በበረዶ ላይ በተተከለው ድንኳኑ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የመኝታ ከረጢቱ ቆብ ፊቱን ሸፍኖ ገመዱ ጠብቆ ታስሯል፤ እግርጌው ርሶ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ስንት የሸተተ ሬሳ ያየች ሴት ናት፤ ይህኛው ግን አፍንጫዋን አስያዛት።

«ኧረ ምን ዓይነት ጉድ ነው!»

ውጭ የበረዶ ጉዞው መሪ፣ የሟች ሚስትና ታናሽ ወንድሙ ቆመዋል። ፖሊሶቹ ለመሪው ካቴና አዘጋጅተዋል።

«እሱ ነው የገደለው!» አለ ታናሽየው። «የጋሼን ከረጢት አላደረቀውም። እርጥበቱ በረዶ ሆኖ ጨረሰው።»

«እትዬ፣ በልጆቼ!» አለ መሪው። «ፀሐይ ስትወጣ ሁሉንም ገልብጬ አሰጣለሁ። የሚያረጥበው ትንፋሽ ነው፤ አፍና አፍንጫችሁን ከቆቡ አውጡ እያልኩ የምለፈልፈውም ለዚሁ ነው።»

«የሚጠጣው ውሃ የት ያድራል?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ጋ፣ ከረጢቴ ውስጥ። ሌላ ቦታ ካደረማ በረዶ ነው።»

«ሽንታችሁስ?»

መሪው አንገቱን ደፋ። «ብርድ እንዳይመታን ሁላችንም ጠርሙስ አለን። ተሸንቶበት ይከደንና እንዳይረጋ ከረጢት ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት እኔ እደፋለሁ። ዛሬ ግን ማን ልብ አለው? አልነካሁትም።»

ሚስትየዋ እንባዋን ጠረገች። «ማንኮራፋቱን ሸሽቼ ለብቻዬ ነው የተኛሁት፤ ምንም አልሰማሁም። ትናንት ወንድሙን ‹ጠርሙሴን ድፋልኝ› ሲለው ሁላችንም ሳቅን። የመጨረሻ ሳቃችን ሆነ።»

«አንተስ፣ ሌሊት ወጥተህ ነበር?»

«በዚያ ብርድ?» አለ ታናሽየው። «እስኪነጋ ከድንኳኔ ንቅንቅ አላልኩም።»

መርማሪዋ ጓንቷን አጥልቃ ድንኳኖቹን አንድ በአንድ ፈተሸች። ከዚያ አራት ጠርሙሶች በረዶው ላይ ደርድራ ሰዎቹን ሁሉ ሰበሰበች።

«ሰው ቆብ ውስጥ ሲተነፍስ ካደረ ውስጡ በረዶ ይጋግራል። ይሄ ቆብ ደረቅ ነው። እንግዲያው ሲታሰርበት ሟች ትንፋሽ አልነበረውም፤ አስቀድሞ ታፍኗል። ገዳዩ ብርድ የገደለው እንዲመስል ከረጢቱን ማርጠብ ነበረበት። ውሃው መሪው ጉያ ነው። ምድጃ ቢለኩስ ሰው ይነቃል። በእጁ የነበረው በረዶ ያልሆነ ፈሳሽ አንድ ብቻ ነው፤ ሽታውም እሱኑ ይመሰክራል።»

ሚስትየዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ጋሼ ራሱ ለቆት ቢሆንስ?» አለ ታናሽየው።

«ሱሪው ደረቅ ነው፤ ጠርሙሱም እንደሞላ ተከድኗል። የእሷም፣ የመሪውም ሞልቷል። ያንተ ግን ግርጌው ላይ ቢጫ በረዶ ብቻ ቀርቶታል። መሪው አልደፋው፣ አንተ ንቅንቅ አላልክ። ታዲያ ሽንትህ የት ሄደ፣ ወንድሜ?»

ታናሽየው ዓይኑን ከጠርሙሱ ላይ ነቀለ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ አሽከሩ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ድፋልኝ አለ፤ ደፋሁለት።»

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር አሉ» አለች መርማሪዋ። ምራቋን እንትፍ አለች። «ውሰዱልኝ!»

ካቴናው ወደ ታናሽየው ዞረ። መሪው ሳያዙት ምድጃውን ለኩሶ በረዶ ማቅለጥ ጀመረ።

«ሻይ ነው?»

«አይ፣ እትዬ። የሟቹን እግር ልጠብ ብዬ ነው። እናቱ እንዲህ ሆኖ ማየት የለባቸውም።»

መርማሪዋ አፍንጫዋን በሻርፗ አስራ ውሃውን ታፈስለት ጀመር።