የቆጠራው ቀን ጠዋት

አቶ ኪዳኔ የሞቱት ከዴንቨር አጠገብ ባለችው የኦሮራ ከተማ፣ በአንድ አነስተኛ ትምህርት ቤት ምድር ቤት፣ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ነው። ዴንቨር ውስጥ ለረጅም ዘመን በትምህርት ቤቶች ፋይናንስ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ከዚያ ወዲህ እዚሁ ርዕሰ መምህር ለመሆን ለሚዘጋጁ ወጣቶች የበጀት አያያዝ ያስተምሩ ነበር። ትምህርቱ ከሰዓት ቢሆንም፣ ያን ቀን ሊዘጋጁ ማልደው ገብተዋል።

መርማሪ ዙህራ ስትደርስ ሐኪሙ የሞታቸውን ምክንያት አውቆት ነበር፦ ከግድግዳው ማዶ ካለው የሕንጻው ማሞቂያ የሾለከ ካርቦን ሞኖክሳይድ። አደጋውን መጠቆም የነበረበት መሣሪያ ባትሪ አልነበረውም። ደግነቱ ተማሪዎቹ ገና አልገቡም፤ አውቶቡሶቹ ከመንገድ ተመለሱ።

ዙህራ ማሞቂያውን ወደመረመረው ቴክኒሺያን ደወለች።

«እኔኮ ትናንት ዘግቼዋለሁ!» አለ። «ተሰንጥቋል። ጋዙን ዘግቼ ቀይ ምልክት አንጠለጠልኩበት። ሁሉም ስብሰባ ላይ ስለነበሩ በቢሮው ስልክ የድምፅ መልእክት ተውኩ።»

ቀይ ምልክቱ የለም። መልእክቱም ተሰርዟል። መልእክቱን ለመስማት የሚያስፈልገውን የምስጢር ቁጥር የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ጌጥነሽ፣ የፋይናንስ ኃላፊዋ ሳቢራ፣ እና የሟቹ ተማሪ የሆነው ተለማማጅ ምክትል ርዕሰ መምህር ኢዛና።

ዙህራ አስከሬኑ ወዳለበት ክፍል ተመለሰች። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ከሥሩ ያለው ምንጣፍ ግን በሌሊቱ ዝናብ ርሷል። የአቶ ኪዳኔ እጅጌም እርጥብ ነበር።

ዕለቱ የተማሪ ቆጠራ ቀን ነው። መንግሥት ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የዓመት ገንዘብ የሚሰላው በዚያ ቀን በሚቆጠሩት ልጆች ልክ ነው። ስለዚህ ሦስቱን ለየብቻ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፦ ትናንት ማታ ሕንጻው ይዘጋ ቢባል ምን ይሆን ነበር?

«ወላጅ ይጮህብኛላ!» አሉ ወይዘሮ ጌጥነሽ። «ልጄን የት ልጣላት ብሎ የማይደውል የለም። ለምጄዋለሁ፤ አምናም ዘግተናል።»

«ሥራ ይበዛብኛል» አለች ሳቢራ። «አምና በዚሁ ቀን ቧንቧ ፈንድቶ ዘጋንና በሌላ ቀን እንድንቆጥር አስፈቀድን። ወይዘሮ ጌጥነሽ ፈረሙ፣ እኔ ላክሁ። አሰልቺ ነው እንጂ አይገድልም።» ወዲያው ያለችው ነገር ገባትና አፏን በእጇ ያዘች።

ኢዛና ግን ከወንበሩ ተነሣ። «አለቀልን ነበር! ዛሬ ያልተቆጠረ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም አያመጣም። ሁለት አስተማሪ እናባርራለን። ለዚህ ነው ዛሬ ማልጄ ለወላጆቹ ሁሉ የደወልኩት።»

«እዚህ መሥራት የጀመርከው መቼ ነው?»

«ዘንድሮ፣ ኦገስት ላይ።»

ዙህራ ሦስቱንም ላይብረሪ ሰበሰበቻቸው።

«መስኮቱ ሌሊቱን ክፍት ነበር» ስትል ጀመረች። «ምንጣፉን ያራሰው ዝናቡ ነው። አቶ ኪዳኔ ጠዋት ገብተው በረዳቸውና ዘጉት፤ እጅጌያቸውም ያኔ ራሰ። ማሞቂያ አስነሥቶ አጠገቡ ያለውን መስኮት የሚከፍት ሰው ሙቀት ፈልጎ አይደለም። አደጋውን ያውቃል፤ ነፋሱ ይበቃል ብሎ ነው።»

ቀጥላ ወደ ወይዘሮ ጌጥነሽና ወደ ሳቢራ ተመለከተች።

«መልእክቱን ሰምቶ የደበቀ ሰው ሕንጻው ዛሬ እንዳይዘጋ የፈለገ ነው። ወይዘሮ ጌጥነሽ፣ እርስዎ ቀኑን ማስለወጥ እንደሚቻል ያውቃሉ፤ ፈርመውበታል። ሳቢራም ታውቃለች። ለምን ብላችሁ ትደብቃላችሁ? ይህን ያህል ሊፈራ የሚችለው የአምናውን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።»

ሁለቱ ሴቶች ወደ ኢዛና ዞሩ።

«ቀኑ... ይለወጣል?» አለ በቀስታ።

«ይለወጣል።»

«ቴክኒሺያኖች አዲስ ዕቃ ለመሸጥ ያጋንናሉ ብዬ ነው። ለአንድ ቀን ብቻ ነበር። እሳቸው ከሰዓት ነበር የሚመጡት...» አለ ኢዛና።

«ቁጥሩ ቢጎድል የምጠይቀው አንተን ነው ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ጌጥነሽ መሬት መሬት እያዩ። «ባትሪውንም ለሚመጣው በጀት ያሳደርኩት እኔው ነኝ።»

«ባለፈው ሳምንት ስለ ቆጠራው ጠይቆኝ ነበር» አለች ሳቢራ። «መመሪያው ድረ ገጹ ላይ አለልህ፣ ራስህ አንብብ አልኩት። ሥራ በዝቶብኝ።»

«ሁሉም ይመዘገባል» አለች ዙህራ። «ጋዙን የከፈተው እጅ ግን አንድ ነው።»

ኢዛና ዓይኖቹ እንባ ሞልተው ቀና አለ። «ለልጆቹ ብዬ ነው፣ እህቴ። አስተማሪ እንዳያጡ ብዬ።»

«አምንሃለሁ» አለችው። «ዛሬ ጠዋት አንድም ልጅ ከዚህ ሕንጻ እንዳይቀር ለወላጆቻቸው የደወልከውም ለዚሁ ነበር?»

ኢዛና የመቶ ምናምን ልጆች ስም በየተራ የጠራበትን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጆቹን ዘረጋላት።