ያልተጠየቀ ምራቂ

«ሰው ሊያሰምጡ ነው እንዴ?!»

መጀመሪያ ቀን ለማሙሸት ያልኩት ይኼንን ነው። ምናለሽ ተራ ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ አቅልጬ ቀበቶ ላይ የሚታሰር አርባ ፍሬ ክብደት እንድሠራለት ጠየቀኝ። እያንዳንዱ ልክ አንድ ኪሎ።

«ማስመጥ አይደለም፣ እትዬ» አለኝ ረጋ ብሎ። «ሆቴል መዋኛ ውስጥ፣ የአየር ጋን አዝሎ መጥለቅ አስተምራለሁ። ጀማሪ ሳይሰምጥ፣ ሳይንሳፈፍ፣ መሃል ላይ ቀጥ እንዲል ትንሽ ክብደት ይፈልጋል። የቀረውን በትንፋሹ ነው የሚያስተካክለው።»

መርካቶ ውስጥ እንዲህ ሳይጮህ የሚያወራ ወንድ አይቼ አላውቅም! በዋጋ አልተከራከረኝም። ምራቂም አልጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ለማንም መርቄ የማላውቅ ሴት... እጄ ዝም ብሎ በየፍሬው ትንሽ ትንሽ ጨመረ።

በሳምንቱ የእርሳሱን ከረጢት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው።

«ሚዛንዎ ውሸታም ነው! ተማሪዎቼ የመዋኛው ወለል ላይ ቁጭ አሉ። ሜሪ የምትባለው ልጅ ፈርታ እያለቀሰች ወጣች። እሁድ ካልተስተካከለ ሆቴሉ ትምህርቱን ሊዘጋብኝ ነው!»

«የኔ ሚዛን?! ሃያ ዓመት የሠራሁበት? ይሂዱልኝ!»

እርሳሱን ወደ ከረጢቱ መልሶ ሄደ። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ አውቄያለሁ። ግን ምን ልበለው? ወደድኩህ ልበል?

እሁድ ጠዋት ሚዛኔንና መጋዜን በፌስታል ይዤ ሆቴሉ ሄድኩ። መዋኛው ዳር ቁጭ ብዬ እርሳሱን አንድ በአንድ እየመዘንኩ መቁረጥ ጀመርኩ።

«ምን እየሠሩ ነው?» አለኝ።

«ምራቂዬን እየቀነስኩ።»

«ምራቂ ነበር እንዴ?... ለደንበኛ ሁሉ ይመርቃሉ?»

«ለማንም መርቄ አላውቅም!»

ጮክ ብዬ ኖሯል፤ ሁሉም ሰማ።

«ታዲያ ጋሽ ማሙሸት» አለች ሜሪ እየሳቀች፣ «የእርስዎን ምራቂ እኛ ነን የተሸከምንልዎት!»

ማሙሸት እስከ ጆሮው ቀላ።

ከዚያ ሜሪን ይዟት ገባ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ከዳር ሆኜ አየሁ። እጇን ይዞ ከፊቷ ተጋደመ፤ እሱ አየር ሲስብ ትስባለች፣ ሲለቅ ትለቃለች። ስትስብ ከፍ፣ ስትለቅ ዝቅ... ከዚያ ቀስ ብሎ እጇን ለቀቀ። እዚያው ቀረች! መሃል ላይ፣ ሳትወድቅ፣ ሳትወጣ። ያን ያህል የፈራችውን ልጅ፣ ያለ አንዲት ቃል! ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ።

ሲወጣ ውሃ እያንጠባጠበ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ያለምወርቅ» አለ፣ እትዬ ሳይል። «ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ግትር ነኛ!»

«ግድ የለም፣ እኔ አልቸኩልም» አለኝ።

እውነትም አልቸኮለም። ትምህርቱ ሳይዘጋ ቀረ፣ እኛም ጥር ላይ ተጋባን። እርሳሱን ዛሬም የምሠራለት እኔ ነኝ። አንድ ኪሎ ማለት አንድ ኪሎ! ሊወስድ በመጣ ቁጥር ግን ሚዛኔን እያየ ይጠይቀኛል፦

«ምራቂ የለም?»

«አብራህ ቤት የምትገባው ምራቂ ታዲያ ማን ናት!»