የአጋፋሪው እንግዳ

አጋፋሪው ጠዋት ጠዋት የውብአንቺን ካልሲ ያሸታል። የዚያን ዕለትም አሸተተና በሩን ሳይከፍትላት ቀረ።

«የግራው ላይ የሣር ፍሬ አለ፤ ይቀይሩት» አላት።

እንደ ልማዷ እያጉረመረመች ቀየረችው።

ቦታው ማዶ ይባላል፤ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል፣ ከአህጉራት ሁሉ ርቃ የምትገኝ ትንሽ ደሴት ናት። አገሮች በየተራ ይጠብቋታል፤ አሁን ተራው የኢትዮጵያ ነው። ውብአንቺ የአእዋፍ ተመራማሪ ናት፤ ባልደረባዋ ጋሽ ኩምሳ መሐንዲስ ነው። የደሴቲቱን ጠባቂ ሰው ሠራሽ አእምሮ አማርኛ ያስተማረውም፣ በድሮ ግብር ቤት እንግዳ እያስገባ በሚያስቀምጠው ሹም ስም «አጋፋሪ» ያለውም እሱ ነው። የአጋፋሪው አፍንጫ «የሽታ ወንፊት» ይባላል፤ ከጀልባ የሚወርደውንና ከቤት ወደ ደሴቲቱ የሚወጣውን ሁሉ በጠረኑ የሚለይ በር ነው። እጆቹ ደግሞ እንደ ሸርጣን የሚሄዱ ትንንሽ ማሽኖች ናቸው።

ይህ ሁሉ የተሠራው ለምድሬ ነው። ምድሬ መብረር የማትችል፣ እንቁላሏን መሬት ላይ የምትጥል፣ ፍርሃት የማታውቅ ወፍ ናት። ከማዶ በቀር የትም የለችም። በጎረቤት ደሴትም ነበረች፤ አይጥ ከገባ ወዲህ ግን እዚያ ወፍ አይጮህም።

ውብአንቺ ከበሩ እንደ ወጣች መጋዘኑ ደጃፍ ላይ አንድ የብስኩት ከረጢት አየች። ጥጉ ተቀርጥፏል። አንስታ የጥርሱን ምልክት አየችና ጮኸች።

«ጋሼ! አይጥ ገብቷል!»

ጋሽ ኩምሳ በነጠላ ጫማ ሮጦ መጣ። «አይሆንም! ለሣር ፍሬ የሚያስቆም በር አይጥ ያሳልፋል?»

«ይኸው ጥርሱ። እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ደርሰዋል እኮ!»

«አጋፋሪ! አይጥ አሳልፈሃል?»

«እርስዎ ፈቅደው ነው» አለ አጋፋሪው ተረጋግቶ። «ከትናንት ወዲያ ማታ ስንቅ የሚያመጡልን ካፒቴን ጁማ ከጀልባው ላይ ‹ቤቶች!› አሉ። እርስዎም ‹ቤት ለእንግዳ!› ብለው መለሱ።»

ጋሽ ኩምሳ ራሱን ያዘ። ለጁማ ቃሉን በሬዲዮ ያስተማረው ራሱ ነበር። በሩ አሽትቶ ለማያውቀው ጠረን ሁሉ፣ ለአይጥም ጭምር፣ «እንግዳ» የሚል ስም ያወጣለትም እሱው።

«የት ነው ያለው?» አለች ውብአንቺ።

«ቤቷ» አለ አጋፋሪው። «ሴት ናት፤ ነፍሰ ጡር።»

ከመጋዘኑ ጀርባ ለታመሙ ወፎች የተሠራ ባዶ ሣጥን ነበር። ሁለት የአጋፋሪው እጆች በሩን ይዘው ቆመዋል። አይጧ በድርቆሽ ላይ ተንጋላ፣ ብስኩት በዙሪያዋ ተበትኖ፣ ሆዷ ተወጥሮ ታየቻቸው።

«ለምን አልወጣችም?» አለች ውብአንቺ።

«እንዴት ላሰናብታት? መሽቶ ነበር።»

«ትናንት ጠዋትስ?»

«ቁርስ ሳትቀምስ?»

«ከቁርስ በኋላስ?»

«እስኪመሽ ዘነበ። አሁን ደግሞ ቁርስ ደርሷል።»

ውብአንቺ ወደ ጋሽ ኩምሳ ዞረች። «ይህን ማን አስተማረው?»

«እኔ ጨዋታ ነበር የነገርኩት» አለ መሬት መሬት እያየ። «እንግዳ ቶሎ የማይሰናበትበትን የአክስቴን ቤት።»

«አክስትዎን እግዜር ይባርካቸው። የእሳቸው ወግ ባይዛት ኖሮ እንቁላል ላይ ነበረች።»

ወደ ጎጆዎቹ እየሮጠች ሄደች። አንድም የተነካ እንቁላል አልነበረም። የመጀመሪያው ቅርፊት ተሰንጥቆ፣ እርጥብ ምንቃር ብቅ ብሏል። እዚያው ተንበረከከች። ትንፋሿ እስኪመለስ «ተመስገን፣ ተመስገን» አለች።

ስትመለስ የጁማ ጀልባ በዝናቡ ምክንያት ገና ከወደቡ ራቅ ብላ ቆማ ነበር። አይጧ በዝግ ሣጥን ወደ መጣችበት እንድትመለስ ተስማሙ።

«ስንቅ ልቋጥርላት?» አለ አጋፋሪው።

«ቋጥርላት» አለች ውብአንቺ።

«ደስ ይለኛል። እስካሁን ሦስቱም እንግዶቼ ደህና ናቸው።»

«ሦስት? አይጧ አንድ ናት እኮ።»

«እሷ፣ እርስዎና ጋሽ ኩምሳ።»

ጋሽ ኩምሳ ከት ብሎ ሳቀ። ውብአንቺ ግን በመሸ ቁጥር ከኋላቸው የሚዘጋውን በር፣ ሳይጠይቁ የሚሞቅላቸውን ክፍል፣ የምትነጫነጭበትን የካልሲ ፍተሻ አሰበች። እስከዚያች ቀን ቤቱ የእነሱ፣ ጥበቃውም ለእነሱ ይመስላት ነበር። በጎረቤት ደሴት አይጥ ያወረደው ግን የሰው ጀልባ ነው።

«ነገ አስተካክለዋለሁ» አለ ጋሽ ኩምሳ። «ያልታወቀውን ጠረን ሁሉ ‹መጤ› እለዋለሁ፤ ‹እንግዳ› የሚለው ይጠፋል።»

«ቃሉን ለእኛ ይተዉልን፣ ጋሼ» አለች ውብአንቺ። « እንግዳ ቢያንስ አመስግኖ ይሄዳል።»

አንዲት ምድሬ ከቁጥቋጦው ወጥታ፣ ማንንም ሳታይ፣ በውብአንቺ ጫማ ላይ ተረማምዳ አለፈች። ውብአንቺ እስክታልፍ ሳትነቃነቅ ጠበቀቻት። ከዚያ ወደ በሩ ዞራ ጎንበስ አለች።

«አጋፋሪ፣ እግዜር ይስጥልን።»

«ምን ተበላና!» አለ አጋፋሪው።