አሥራ ስምንቱ ቀይ እንክብሎች

የሦስት ዓመቱ የተስፋው አስከሬን ሰቆጣ ተመርምሮ ወደ ጋዝጊብላ ሲመለስ መንደሩ ፈርዶ ጨርሷል። የእንጀራ እናቱን ይታየሽን፣ የስድስት ወር እርጉዝ መሆኗን እያዩ፣ ጭድ ቤት ቆልፈውባታል። ከሬሳው እንዳትደርስ፣ እንዳታለቅስም ከልክለዋታል። ልጁን ከጡት ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እንጀራ እናት ከተባለች ግን ማን ይጠይቃል!

ኢንስፔክተር ዓሲያ መጀመሪያ ያስከፈተችው ያንን በር ነው።

«ሐኪሙ መርዝ ነው ብሏል» አለ ዓለምነህ፣ የልጁ አጎት። «ሐሙስ ቀትር ላይ ከሰነበተችበት ከኒሯቅ መጥታ ወተት አጠጣችው፤ ማታውን ሞተ። ምን ይመረመራል?»

ዓሲያ ግቢውን ዞረች። ገመድ ላይ የልጁ ልብስ ተሰጥቷል፤ ታጥቦም ጥቁር እድፍ አልለቀቀውም። ሙቀጫው ውስጥ ቀይ ፍርፋሪ ከማር ጋር ደርቋል።

«ይህ ልብስ መቼ ታጠበ?»

«ሮብ» አለ አባትየው ወንዳወቅ አንገቱን ደፍቶ። «አስመልሶት ነበር። ሐሙስ ጠዋት ግን ተሽሎት ሲጫወት አረፈደ።»

ዓሲያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ዮርዳኖስን አስጠራች፤ ቤተሰቡንም ሰበሰበች።

«ለይታየሽ ምን ሰጥተሻት ነበር?»

«የደም ማነስ እንክብል፣ ሠላሳ። በቀን አንድ እንድትውጥ።»

«አንድም አልዋጥኩም» አለች ይታየሽ። «ፅንሱን ያወፍራል፣ ምጥ ያጠናል ብለው አስፈራሩኝ። ቅል ውስጥ አስቀመጥኩት።»

ቅሉ መጣ። አሥራ ሁለት ቀይ እንክብል ብቻ ቀርቷል።

«አሥራ ስምንቱ ለሕፃን ምን ያደርጋል?»

«ብረት እኮ ነው! በልኩ ደም ይሠራል፤ ከልክ ካለፈ ሰውነት ማስወጫ የለውም» አለች ዮርዳኖስ ፊቷ ገርጥቶ። «ጨጓራ ያቃጥላል፣ ያስመልሳል። ከዚያ የዳነ ያስመስልና በማግስቱ ይገድላል።»

«እንግዲህ ስሙ» አለች ዓሲያ። «ልጁ ሐሙስ የተሻለው መስሏችሁ ነው እንጂ ሮብ ተመርዞ ነበር። ይታየሽ ሮብ ኒሯቅ ነበረች። ቤት ውስጥ ከልጁ ጋር ማን ነበር?»

«እኔ ሰቆጣ ገበያ ነበርኩ፤ አባቱ ብቻ...» አለና ዓለምነህ አፉን ያዘ።

ወንዳወቅ ተንበረከከ።

«ልጁ ገርጥቶብኝ ነው! በማህፀን ላለው የሚበጅ ለተወለደው ምን ይጎዳል ብዬ በማር ወቅጬ ሰጠሁት። ቶሎ እንዲበረታልኝ ነው እንጂ...»

«መርዝ ነው ሲባል ያንተ እንክብል መሆኑን አውቀሃል?»

«አውቄያለሁ። ፈራሁ።»

ዓሲያ ንዴቷን መዋጥ አቃታት።

«ልጅህን የገደልከው ሳታውቅ ነው፤ አለማወቅህ ያሳዝነኛል። ሚስትህን ግን ከነፅንሷ እያወቅህ ልታስበላት ነበር!»

ወንዳወቅ «ይታየሽ...» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ዝም በል!» አለች ይታየሽ። «ልጄን ላለቅስ ነው።»

ሰዉ መንገድ ለቀቀላት።