የእትዬ በለጥሻቸው ጭስ ማውጫ

ሽመክት መሰላል ከማቆሙ በፊት ቤቱን ሁለት ጊዜ የመዞር ልማድ አለው። አንደኛው ዙር ለማየት ነው፤ ሁለተኛው ዓይን ያመለጠውን ለመልቀም። በዚያን ቀን ጠዋትም፣ የደብረ ብርሃን የሐምሌ ጉም ከአጥሩ ባሕር ዛፎች ገና ሳይላቀቅ፣ የእትዬ በለጥሻቸውን አሮጌ የድንጋይ ቤት በዝግታ ዞረ። አሸንዳው የተቀደደበትን፣ ቆርቆሮው የዛገበትን፣ ጭስ ማውጫው ከጣሪያው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እየቆመ አየ።

«አንተ ሽመክት፣ ልትጠግነው ነው ልታገባው?» አሉ እትዬ በለጥሻቸው ከበረንዳው።

«ሳያዩ የገቡበት ትዳር ያፈሳል፣ እትዬ።»

«ምላስህን ነበር መጀመሪያ መድፈን!»

ከዚህ ግቢ ኮክ እየሰረቀ ሲበላ ጀምሮ ያውቁታል። አርባ ዓመት አልፎት፣ ጢሙ ሸብቶም፣ ለእሳቸው ያው «አንተ» ነው፤ እሱም ቢሆን ሌላ አይፈልግም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጃቸው ትርሲት የአሥር ቀን ሕፃን ታቅፋ ከሆስፒታል ትመጣለች። የመጀመሪያ ልጇን ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ቤት ብርድ ነጥቋታል። ያን ክረምት ምድጃው ጭሱን ወደ ክፍሉ እየመለሰ፣ ዝናቡም በጭስ ማውጫው ዙሪያ እየገባ ስላስቸገረ፣ እሳት ሳይነድ ከረመ። ከዚያ ወዲህ ማንም ለኩሶት አያውቅም።

«ዛሬ እሳት ሳይነድ ያ ልጅ እዚህ አያድርም» አሉ፤ ቀልዱ ከፊታቸው ጠፋ። «ይኼኛውን አልቀብርም።»

ሽመክት መጀመሪያ ያየው የሳሎኑን ግድግዳ ነው። ከምድጃው በላይ አንድ ሰፊ የውሃ እድፍ አለ። መዳፉን አስቀመጠበት። ከጣሪያ የሚገባ ውሃ ከላይ አርሶ ወደ ታች እየሳሳ ይሄዳል፤ ይኼኛው ግን ላዩ ደረቅ፣ ታቹ እርጥብ ነው፤ ከምድጃው ተነስቶ ወደ ላይ የወጣ ይመስላል። ደግሞ ክፍሉ በረዶ ሆኖ ሳለ እርጥበቱ ሞቅ ይላል። የመሬት ርጥበት ይሆናል ብሎ አለፈው፤ መዳፉን ግን በሱሪው ሁለት ጊዜ ጠረገ።

የምድጃውን አፍ በጆንያ ጋርዶ ጣሪያው ላይ ወጣ። ጭስ ማውጫውን ከቆርቆሮው የሚያገናኘው ሬንጅ ተሰነጣጥቆ፣ ላሜራው ተገንጥሎ አገኘው። አሮጌውን ነቅሎ፣ ድንጋዩን በመሮ ቦይ አውጥቶለት፣ የአዲሱን ላሜራ ጠርዝ አስገብቶ በሲሚንቶ አሰረው። ከላይ በኩል ውሃው ወደ ሁለት እንዲከፈል ጀርባ ሠራለት። ባልዲ ሙሉ ውሃ ቢያፈስበትም ጠብታ አልገባም። ይህ ሁሉ እንዳሰበው ሄደ።

ከዚያ በገመድ የታሰረውን የሽቦ ብሩሽ ወደ ውስጥ ላከው። ሦስት ሜትር ያህል እንደ ወረደ አንድ ለስላሳ ነገር ላይ አረፈ። የወፍ ጎጆ ቢሆን ይንኮሻኮሻል፤ ይኼ አልተንኮሻኮሸም። ገፋ ሲያደርገው መጀመሪያ እንቢ አለ፤ ከዚያ በጠባብ በር ላይ ለመጣ እንግዳ እንደሚለቁለት ዓይነት፣ ዞር ብሎ አሳለፈው። ብሩሹን አውጥቶ አሸተተው። ሦስት ዓመት ያልነደደበት ጥቀርሻ ደርቆ መርገፍ ሲገባው፣ ወዝቶ ከሽቦው ጋር ተጣብቋል፤ ሽታውም የጭስ ሳይሆን ታጥቦ ያልደረቀ ፀጉር ዓይነት ነበር።

ጥልቀቱን ለመለካት ቱንቢውን፣ በገመድ ጫፍ የታሰረውን ብረት፣ ጣለ። ከአናቱ እስከ ምድጃው ወለል ስድስት ሜትር ከሩብ እንደሆነ በውጭ ለክቷል። አራት ሜትር ላይ ገመዱ ድንገት ላላ። ከታች አንድ ነገር ቱንቢውን በመዳፉ ላይ አድርጎ ክብደቱን እንደሚገምት፣ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ አደረገውና፣ መልሶ ለቀቀው።

«እትዬ!» ብሎ ጮኸ። «ቱንቢውን ነክተውታል?»

«ወይ! ምኑን?» ድምፃቸው ከሩቅ፣ ከሳሎኑ መጣ። «እኔ ገና ጆንያውን አላነሳሁም፣ አንተ!»

ዝናብ እየከበደ ነው፤ ሰዓቱም ስምንት ሊሆን ነው። የቀረው የብርሃን ፈተና ብቻ ነበር፤ ከታች ሰው ባትሪ ይዞ ይቆማል፣ ከላይ ብርሃኑ ሙሉ ክብ ሆኖ ከታየ መንገዱ ንጹሕ ነው። የምድጃው አፍ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ሰፊ ነው።

«እትዬ፣ ባትሪውን ይዘው ገባ ይበሉልኝ!»

«በእርጅናዬ ጥቀርሻ ልታለብሰኝ! እሺ፣ ገባሁ። ይታይሃል?»

ታየው። ከጨለማው ሥር ሳንቲም የምታህል ቢጫ ክብ። ከዚያ ክቧ ከአንድ ጎኗ እየተበላች ግማሽ ሆነች፤ ከግማሽ ጥፍር አከለች፤ ጠፋች። ድምፅ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ከባድ ጆንያ በደረጃ ላይ ሲጎተት የሚሰማው ብቻ፣ ያውም ወደ ላይ ሲጎተት።

«እትዬ!»

ወደ ጭስ ማውጫው አፍ አጎነበሰ።

«እትዬ በለጥሻቸው!»

«አቤት» አለው ድምፃቸው፣ ጥርት ብሎ።

ሽመክት ጉልበቱን ጣሪያው ላይ እንደተከለ ቀረ። እትዬ በለጥሻቸው ለእሱ «ወይ» እንጂ «አቤት» ብለው አያውቁም። ሲያሾፉ ነው አለ ለራሱ። ቢሆንም መሰላሉን ሁለት ሁለት እርከን እየዘለለ ወረደ።

ሳሎን ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠው አገኛቸው። ነጠላቸው ነጭ ነው፤ አንድ የጥቀርሻ ቅንጣት የለበትም። ባትሪው ምድጃው ውስጥ ወድቆ ባዶ ድንጋይ ያበራል።

«ደህና ነዎት? አልገቡም ነበር እንዴ?»

«አልገባሁም» አሉ። «ያነጋገረዎት እሱ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው። ሕፃኑ ሳይመጣ ይድፈኑልኝ።»

«ይድፈኑልኝ» ይሉታል። አንቱ ማለታቸው ነው! ፈርተዋል፣ ሲል አሰበ፤ ሰው ሲጨንቀው የልጅነት ጎረቤቱንም ያከብራል። ከጭስ ማውጫው ውስጥ፣ ከላይ በኩል፣ አንድ ነገር ድንጋዩን ቧጠጠ። ደግሞ ቧጠጠ። አሁን ሁሉም ነገር ተገጣጠመለት፤ እድፉ፣ ብሩሹ፣ ቱንቢው። ያ ነገር ባለበት ክፍል የትርሲት ልጅ ሊተኛ ነው።

«እሳቱስ? ብርዱን እንዴት ሊያደርጉት ነው?»

«በጉያዬ አሞቀዋለሁ» አሉ።

ለምድጃው ወለል ያመጣውን ጡብ ሁሉ ተሸክሞ ገባ። ቶሎ እንዲይዝለት ሲሚንቶውን ከጀሶ ጋር አቦካ። መጀመሪያ የተረፈውን ላሜራ በምድጃው አፍ ላይ ቸነከረ፤ ከዚያ መደርደር ጀመረ። በሁለተኛው መደዳ ላይ ቧጠጣው ወደ ታች ወረደ። በአራተኛው ላይ ከላሜራው ጀርባ ያ ነገር መምታት ጀመረ፤ ኃይል የሌለው፣ በመዳፍ የሚመታ ዓይነት ምት። አፉ በአንድ ነገር እንደታፈነ ሰውም ያቃስታል።

«አይስሙት» አሉ ከኋላው። ጡብ ያቀብሉት ነበር። ጣታቸው ጣቱን ሲነካው ሞቅ ያለና እርጥብ ነበር።

«አልሰማም፣ እትዬ» አለ፤ ጆሮውን ለመሸፈን ያህል እየጮኸ። ቱንቢ ሳይጥል ጡብ ደርድሮ የማያውቀው ሰው፣ ሁሉን ሁለት ጊዜ የሚያየው ሰው፣ ዞር ብሎ ፊታቸውን አንዴ እንኳ አላየም። እጁ ብቻ ሠራ። የመጨረሻው ጡብ ሲገባ ምቱ ቆመ።

ሻማ ለኩሶ በየመጋጠሚያው ዳር ቀስ አድርጎ አዞረው። ነበልባሉ አልተወዛወዘም። ለፀጉር የምትበቃ ቀዳዳ የለም። ከአናቱም በኩል ላሜራ ሊከድንበት አሰበ፤ ለጊዜው ግን ይህ ይበቃል። በሕይወቱ እንዲህ የጠነከረ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

ከውጭ የመኪና ጥሩንባ ጮኸ። እትዬ በለጥሻቸው ተመልሰው ከተቀመጡበት አግዳሚ ተነሱ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሁለት እጃቸውን ገና ከሳሎኑ ለመታቀፍ ዘርግተው፣ በዝናቡ ውስጥ ወደ በሩ ሄዱ። የትርሲት ሳቅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የሕፃኑ ልቅሶ፤ ቀጥሎ ልቅሶው ድንገት ጸጥ አለ።

ሽመክት ሲሚንቶው መያዙን ለማረጋገጥ ግድግዳው ላይ ጆሮውን ለጠፈ፤ ከጡቡ ጀርባም፣ በጥቀርሻ የታነቀ የአሮጊት ድምፅ፣ «አንተ ሽመክት፣ እነ ትርሲት መጡ እንዴ?» አለው።