ወረቀት ላይ የተጻፈችው አድማጭ

የጠዋቱን ፕሮግራም የምታቀርበው ሴት አዲሱን የፕሮግራም ኃላፊ የጠላችው ገና ወንበሩን ሳያሞቅ ነው። ለመጥላት ደግሞ ሰነፍ አይደለችም፤ ከጠላች ሙሉ ልቧን ሰጥታ ነው።

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከአስራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ከተማው ፊቱን የሚታጠበው፣ ልጆቹን የሚያለብሰው፣ መንገድ ተዘግቶበት የሚራገመው እሷን እየሰማ ነበር። ሰውዬው ከሌላ ጣቢያ መጣና በመጀመሪያው ስብሰባ አንድ ትልቅ ክብ ሥዕል ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ክቡ የአንድ ሰዓት ስርጭት ነው። እንደ ዳቦ ተቆራርጧል፤ ሦስት ዘፈን፣ ማስታወቂያ፣ የመንገድ መረጃ፣ እንደገና ሦስት ዘፈን። በመሀል በመሀል ክር የሚያህል ቀይ ቁራሽ አለ።

«ይሄ ምንድነው?» አለች በጣቷ እየነካች።

«ያንቺ ንግግር። አርባ ሰከንድ።»

«አርባ ሰከንድ? እኔ እኮ ለመሳቅ ብቻ አርባ ሰከንድ ይፈጅብኛል!»

«አውቃለሁ» አለ ቀና ሳይል። «ቆጥሬዋለሁ።»

ቆሽቷ አረረ። ሠራተኛው ሁሉ እርስዎ እያለ ሲያጎነብስለት፣ እሷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆን ብላ አንተ ትለው ጀመር።

በሳምንቱ ደግሞ ሁለት ገጽ ወረቀት በተነ። ርእሱ «አድማጫችን» ይላል። እንዲህ ያለ ነገር በንግድ ጣቢያዎች የተለመደ ነው። ለሁሉም ሰው የሚያወራ ማንንም አያናግርም በሚል አንዲት ሴት ወረቀት ላይ ትፈጠራለች፤ ከዚያ በኋላ አቅራቢው የሚያወራው ለእሷ ብቻ ይሆናል። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት፣ ሥራ ያላት፣ ሳይነጋ የምትነሳ፣ የድሮ ዘፈን የምትወድ። መቼም በቢሮ የሚበተን ወረቀት ሁለተኛ ገጹን የሚያነብለት የለምና ሁሉም እዚያው ላይ አቆመ።

«አንብቢው» አላት።

«ከማላውቃት ሴት ጋር አላወራም» ብላ መሳቢያዋ ውስጥ ወረወረችው።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ፣ ከቴክኒሺያኑ ጀርባ፣ እጆቹን አጣምሮ ይቆማል። እሷ ሰከንድ ሊቆጥርባት የቆመ ይመስላትና አርባዋን ሰከንድ ሃምሳ ታደርጋታለች። እሱ ሰዓቱን ያሳያታል። እሷ ፊቷን ታዞራለች። እቤት ስትገባ እናቷም አላሳረፈቻትም።

«ሰሞኑን ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት እናቷ።

«ምን ሆንኩ?»

«የምታወሪው እየገባኝ ነው። ድሮ እኮ መጀመሪያውን ሳልረሳ መጨረሻው አይደርስም ነበር።»

ያን ዕለት እራቷን አልበላችም።

ወሬውን ያመጣላት ቴክኒሺያኑ ነው። የማይሰማው ነገር ስለሌለ ጆሮ ይሉታል። «እንዳትደነግጪ» አላት በደረጃው ላይ። «ባንቺ ወንበር ላይ ያንን በስልክ ቪዲዮ እየጨፈረ ስም ያወጣውን ልጅ ሊያስቀምጡት ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ።»

ማን እንዳደረገው ለመጠየቅ እንኳ አልፈለገችም፤ ከአዲሱ ኃላፊ ሌላ ማን ሊሆን! ስድስት ዓመት እንቅልፏን ያጣችለት ወንበር ነው። ያለሱ ምን እንደምትሆን አታውቅም። በማግስቱ ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥታ ስቱዲዮ ገባች፤ ጫማዋን እንደ ልማዷ ጠረጴዛው ሥር አወለቀች፤ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ ሳበች።

«አድማጮቼ፣ ዛሬ አንዲት ሴት ላስተዋውቃችሁ። አለቃዬ እናንተን ትተሽ እሷን ብቻ አናግሪ ብሎኛል። ማን እንደሆነች አብረን እንስማ። የሚያውቃት ካለ ይደውል!»

የመጀመሪያውን ገጽ ድምፅዋን እያቀጠነች አነበበች። ከመስታወቱ ወዲያ ሰውዬው እጁን እያወዛወዘ አቁሚ አላት። ምን ገዷት! ገጹን ገለበጠች።

«ሻይዋን ቆማ ነው የምትጠጣው፤ ግማሹን ያገኘችው መስኮት ላይ ትረሳዋለች። ቀልድ ስትጀምር ሳትጨርስ ራሷ ትስቃለች፤ ስለዚህ የቀልዶቿን መጨረሻ የሚያውቅ የለም። ከመቀመጧ በፊት ጫማዋን ታወልቃለች። ስትናደድ ታንጎራጉራለች፤ ያን ጊዜ ድምፅዋ ከሁሉም ዘፈኖቻችን ይበልጣል።»

መጀመሪያ የደወለው የታክሲ ሹፌር ነው። «እህቴ፣ ይህቺ ሴት ባል አላት?»

«ባልም የላት፣ እሷም የለች! የአለቃዬ ፈጠራ ናት!» አለችና ሁለተኛውን ስልክ አነሳች። «ሃሎ፣ ማን ልበል?»

«ማን ትይኛለሽ፣ እናትሽ ነኝ! አንቺ ልጅ፣ ይህቺ እኮ አንቺ ነሽ! የዛሬው ሻይሽ ራሱ ይኸው መስኮቱ ላይ ነው። ማነው የጻፈው? ምን ያህል ቢያይሽ ነው?»

ክው አለች። ጠረጴዛው ሥር ያሉ ባዶ እግሮቿን አየች። ከዚያ መስታወቱን አየች። ሰውዬው ወለል ወለሉን ያያል። በሬዲዮ ዝምታ ወንጀል ነው፤ ጆሮ ግን እጁ ዘፈኑ ላይ እያለ አስራ አንድ ሰከንድ ሙሉ አልለቀቀውም።

ዘፈኑ እንደገባ በሩን በርግዳ ወጣች።

«በከተማው ሁሉ ፊት አላገጥክብኝ!»

«ያነበብሽው አንቺ ነሽ።»

«ወንበሬን ለሌላ እየሰጠህ በኔ ትጫወታለህ?»

«ወንበርሽን የሚሰጠው የጣቢያው ባለቤት ነው!» ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸባት። «ሳልመጣ ቆርጦ ነበር። አድማጮቼ የሃያ ዓመት ልጆች ናቸው አለኝ፤ ካልሆነ ጥናት አምጣ አለኝ። አድማጫችን አንቺን የመሰለች ሴት ናት ካልኩት ካንቺ ሌላ ማንን ያስቀምጣል? አርባ ሰከንዱንም ተጨቃጭቄ ያገኘሁት ነው፤ እሱ ሃያ ነበር ያለው።»

«ማን ለመነህ? የማንም ውለታ አልፈልግም!»

«አንደኛው ገጽ ለባለቤቱ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁለተኛውን ለማንም ብዬ አልጻፍኩትም። ጀመርኩና ማቆም አቃተኝ።»

ሦስተኛው ዘፈን እያለቀ ስለነበር ወደ ስቱዲዮዋ ሮጠች።

አራት ሰዓት ላይ ባለቤቱ ሁለቱንም አስጠራቸው። ለእሷ ወንበሯ እንደተጠበቀ ነገራት፤ ስልኩ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አላቆመም፣ ማስታወቂያ አስነጋሪዎችም የጠዋቱን ሰዓት ይጠይቃሉ። ለእሱ ግን «ጥናት አምጣ ብዬህ የሠራተኛዬን አመል ጽፈህ ሰጠኸኝ» ብሎ የስንብት ደብዳቤውን ዘረጋለት።

የፈለገችውን አገኘች፤ ደስ ግን አላላትም። እንደምትወደው ያን ጊዜ አወቀች፤ ይህም በጣም አናደዳት። ካርቶኑን ታቅፎ ሲወርድ ደረጃው ላይ ደረሰችበት።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ማዶ ያለው ጣቢያ። አሁን ደወሉልኝ። የጠዋቱን ሰዓት ሰጥተውኛል።» ዞር አለ። «ከሰኞ ጀምሮ አድማጮችሽን አንድ በአንድ ነው የምወስድብሽ።»

«እስቲ ሞክር! አንዷን ግን አታገኛትም። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናት።»

ካርቶኑን ደረጃው ላይ አስቀመጠ። «በሌላው ሰዓትስ?»

እሷም ካርቶኑን በእግሯ ከመንገዱ ገፋችው።

«ከሦስት በኋላ ሥራ የላትም» አለች።

«ዛሬ?»

«ዛሬ ተናድጃለሁ። ነገ ና።»

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የጣቢያው በር ላይ ቆሞ ነበር። አሁንም እንደተናደደች ወጣችና ክንዱን ያዘችው።